እንቅልፍ ሁሉ ስንፍና አይደለም

ትጋት የሰው ክብር፥ ስንፍናም የሰው ውርደት መሆኑን ከአባቶቻችን ተምረናል። ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ የሚያድር ካህንና ከማለዳ እስከ ማታ የመንግሥትን ሥራ ሳይሰለች የሚሠራ ሹም በሕዝብ ዘንድ የሚመሰገኑት ስለዚህ ነው። በሥራ ሰዓት የሚያንቀላፋ ሰው የሚነቀፈውም በዚሁ ምክንያት ነውና ነቀፋው ያለ ነገር የመጣ ነው አንልም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ከውጭ ሲያዩዋቸው አንድ መልክ ኖሯቸው ከውስጥ ፍጹም ልዩ ልዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢያንቀላፉ፥ አንዱ ሥራውን ንቆ፥ ሁለተኛው ግን ሕመም ይዞት ሊሆን ይችላል። አለቃቸው ሁለቱን በአንድ ፍርድ ቢቀጣቸው በአንደኛው ላይ የፈረደው እውነት ቢሆን እንኳ በሁለተኛው ላይ የፈረደው ግፍ ነው።

ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰው ነው። ሕመሙ በሐኪሞች ዘንድ ናርኮሌፕሲ ይባላል። በገንዲ ዝንብ ንክሻ የሚመጣው የእንቅልፍ በሽታ ሌላ ነውና አንባቢ ሁለቱን እንዳያደባልቅ እንለምናለን። ያኛው ከነፍሳት ንክሻ የሚመጣ፥ ካልታከሙትም የሚገድል ነው፤ ይህኛው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፥ በራሱም ሰውን አይገድልም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከጀመረ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው። ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ፥ ይኸውም ሰው በሚማርበት፥ ሥራ በሚይዝበትና ቤት በሚመሠርትበት ዘመን ነው።

ይህ ሕመም ያለበት ሰው በሌሊት የቱን ያህል ቢተኛ በቀን እንቅልፍ ይጥለዋል። ጸሐፊው ደብዳቤ ሲገለብጥ ብዕሩ ከመስመሩ ይወጣል፤ እጁ መጻፉን አይተውም፥ የጻፈው ግን ትርጉም የሌለው ጭረት ሆኖ ይገኛል። ተማሪው መምህሩ ሲናገር እየሰማ ሳለ ድምፁ ይርቅበታል፥ ፊደሉም በዓይኑ ፊት ይደበዝዝበታል። ዲያቆኑ በመቋሚያው ተደግፎ እንደ ቆመ ራሱ ወደ ደረቱ ይወርዳል። 10 ወይም 20 ደቂቃ ያህል ከተኛ በኋላ ታድሶ ይነሣል፤ ነገር ግን ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ እንቅልፉ እንደ ገና ይመለስበታል። ይህም አንድ ቀን ወይም አንድ ሳምንት ብቻ ሳይሆን በየቀኑ የሚሆን ነው።

ሕመሙን ናርኮሌፕሲ ብሎ የሰየመው ዤሊኖ የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም ሲሆን፥ ዘመኑም በ1880 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእርሱ አስቀድሞ በ1877 ቬስትፋል የሚባል የጀርመን ሐኪም ይህንኑ የመሰለ ሕመም ጽፎ ነበር። ስሙ ከግሪክ ቃል የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም የመደንዘዝ መያዝ እንደ ማለት ነው። ዤሊኖ የጻፈለት በሽተኛ 38 ዓመት የሆነው የወይን ጠጅ በርሜል ነጋዴ ሲሆን፥ በአንድ ቀን እስከ 200 ጊዜ ድረስ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ ነጋዴ ከንግዱ የሚያገኘው ትርፍ የራሱ ነው። በሚያንቀላፋበት ሰዓት የሚጎዳው ሌላ ማንም ሳይሆን እርሱ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በቀን 200 ጊዜ የተኛው የማንን ሥራ ንቆ ነው?

የሕመሙ ምልክት የቀን እንቅልፍ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ሕሙማን ከልባቸው ሲስቁ፥ ድንገት ሲደሰቱ ወይም ሲቈጡ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። አንዳንዱ አገጩ ብቻ ይወድቃል፥ ምላሱም ይተሳሰራል፤ አንዳንዱም እንዳለ ወደ መሬት ይዘረጋል። ነገር ግን አእምሮው አይጠፋም፤ ሰዎች በዙሪያው የሚናገሩትን ሁሉ ይሰማል፥ ከጥቂት ሰኮንዶች ወይም ደቂቃዎች በኋላም ተነሥቶ ይሄዳል። ይህን ሐኪሞች ካታፕሌክሲ ይሉታል። በአገራችን ግን ያየው ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ይሸሸዋል። ከዚህም ሌላ ሕመምተኛው ሲተኛ ወይም ሲነቃ ሰውነቱ ታስሮ፥ ዓይኑ ብቻ እያየ፥ መናገርም መንቀሳቀስም የማይችልበት ጊዜ አለ። ሕዝባችን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስሙንም ዱካክ ብሎታል። ዱካክ አልፎ አልፎ ጤነኛውን ሰው ሁሉ ያገኘዋልና አንድ ጊዜ ዱካክ የተጫነው ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። በነዚህ ሕሙማን ላይ ግን ይደጋገማል፤ በዚያውም ሰዓት በቤቱ ውስጥ የሌለ ሰው ወይም አውሬ የቆመ መስሎ ይታያቸዋል። የሌሊት እንቅልፋቸውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የተቈራረጠ ነው።

እነዚህ ነገሮች ሲያዩዋቸው የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ሕልም ወደሚበዛበት እንቅልፍ የሚደርሰው አንድ ሰዓት ከግማሽ ያህል ከቆየ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ሰው በሕልሙ የሚያየውን ተነሥቶ እንዳይሠራው አንጎል ጡንቻዎችን አስሮ ይይዛቸዋል። ይህም ሰውን ከጉዳት የሚጠብቅ የፈጣሪ ጥበብ ነው። ናርኮሌፕሲ ያለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ 15 ደቂቃ ሳይሞላ ወደዚህ እንቅልፍ ይገባል፤ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለው አጥርም ይፈርስበታል። አእምሮው ነቅቶ ሳለ የጡንቻው እስራት ቢቀር ዱካክ ይሆናል፤ እስራቱ በሳቅ መካከል ቢመጣ መውደቅ ይሆናል፤ ሕልሙ ከንቃት ጋራ ቢደባለቅ የሌለውን ማየት ይሆናል።

አጥሩ የሚፈርስበት ምክንያት ለረጅም ዘመን ሳይታወቅ ኖሮ በቅርብ ጊዜ ተገልጧል። በ1998 ሁለት የሊቃውንት ወገኖች፥ አንዱ ለሌላው ሳይነግር፥ በአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ በሚባለው ስፍራ የሚሠራ አንድ ቅመም አገኙ፤ አንዱ ወገን ሃይፖክሬቲን፥ ሁለተኛው ወገን ኦሬክሲን ብሎ ስም አወጣለት። ሰው ነቅቶ እንዲቆይ የሚያጸናው ይህ ቅመም ነው። በ1999 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መርማሪዎች፥ ዶበርማን ከሚባሉት ውሾች መካከል ይህ ሕመም በዘር የሚተላለፍባቸው መኖራቸውን ያውቁ ነበርና፥ ምክንያቱ ይህን ቅመም የሚቀበለው የአካላቸው ክፍል በመበላሸቱ መሆኑን አስረዱ። በ2000 ደግሞ ከሕመሙ ጋራ ኖረው የሞቱ ሰዎች አንጎል በተመረመረ ጊዜ፥ በጤነኛ ሰው ዘንድ ወደ 70,000 የሚደርሱት ቅመሙን የሚሠሩት ሕዋሳት በሕሙማኑ ዘንድ ከመቶው ከ85 እስከ 95 እጅ ጠፍተው ተገኙ። የጠፉበትም ምክንያት፥ ሰውነት ከውጭ በሽታ ሊዋጋበት የተሰጠውን ኃይል በስሕተት ወደ ራሱ ሕዋሳት በመመለሱ ይሆናል ብለው ሊቃውንቱ ያስባሉ። ጉልበት የማይከዳበት ሁለተኛ ዓይነት ናርኮሌፕሲም አለ፤ የእርሱ ምክንያት ገና ተመርምሮ አላለቀም።

በተለይ የውሾቹ ነገር ሊታሰብ የሚገባው ነው። እነዚያ ውሾች የሚወዱትን ምግብ ባዩ ጊዜ ከደስታ የተነሣ እግራቸው ተሰብስቦ ይወድቁ ነበር። ውሻ የመሥሪያ ቤት ሥራ የለውም፥ ከትምህርትም አይሸሽም፤ ኃጢአትም አይቈጠርበትም። እንግዲህ ስንፍና ሊባልበት በማይቻል ፍጥረት ላይ የታየውን ሕመም በሰው ላይ ባየነው ጊዜ ስንፍና ብለን የምንፈርድ ከሆነ፥ ለወንድማችን ያደረግነው ለውሻ ከምናደርገው ያነሰ ነው።

ፍርዳችንም በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። በኤውሮጳና በአሜሪካ በተደረገው ቆጠራ ከ100,000 ሰዎች ከ25 እስከ 50 የሚሆኑት ይህ ሕመም አለባቸው። በአገራችን ያለው ቍጥር በዚያው ልክ ቢሆን፥ ሕዝባችን ከ120 ሚሊዮን በላይ ነውና ሕሙማኑ ከ30,000 የማያንሱ ይሆናሉ። የሐኪም ብዛትና መሣሪያ ባለባቸው በነዚያ አገሮች እንኳ ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 15 ዓመት ያልፋል። በእኛ ዘንድ ስሙን ሳያውቅ የሚኖረው ምን ያህል ይሆን? በነዚያ ዓመታት ውስጥ ተማሪው ሰነፍ ተብሎ ይባረራል፤ ሠራተኛው ሰካራም ነው ወይም ሌሊቱን በጫት ሲያድር ነው ተብሎ ከደመወዙ ይቈረጣል፥ በመጨረሻም ይሰናበታል፤ ሴቲቱ ቤቷን የማትይዝ ተብላ ከትዳሯ ትለያለች፤ እሳት ዳር ሆና እንጀራ ስትጋግር እንቅልፍ የጣላት እንደ ሆነም ትቃጠላለች። መኪና ነጂው ደግሞ ራሱንም መንገደኞቹንም ወደ ገደል ይዞ ይወርዳል።

ሹማምንት ሆይ፥ ይህን ስናነሣ የምትመልሱልን ቃል አይጠፋንም። እንዲህ ያለ በር ከተከፈተ ሰነፉ ሁሉ ታምሜአለሁ እያለ ሥራውን ይተዋል ትሉ ይሆናል። ነገሩ ሊታሰብ የሚገባው ነው፤ መንግሥት ለሠራው እንጂ ለተኛው ደመወዝ ሊከፍል አይገባውም። ነገር ግን ሁለቱን ለመለየት መንገድ አለ። መጀመሪያ ሰውዬው የሚተኛበትን ስፍራ ማየት ነው። ሰነፍ ከሥራ ይሸሻል እንጂ ከግብዣ አይሸሽም። ሕመምተኛው ግን በማዕድ መካከል፥ ከወዳጁ ጋራ ሲጫወት፥ በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ፊት ቆሞ ሳለ ሁሉ እንቅልፍ ይይዘዋል። ሁለተኛውም መንገድ የሐኪም ምርመራ ነው፤ ይህም በቃል ብቻ የሚነገር አይደለም። ሕመምተኛው አንድ ሌሊት በመሣሪያ እየተጠበቀ ይተኛል፤ በማግስቱም በየሁለት ሰዓቱ አራት ወይም አምስት ጊዜ እንዲተኛ ይደረጋል። እንቅልፍ እስኪወስደው ያለው ጊዜ በአማካይ ከ8 ደቂቃ ያልበለጠ፥ ወደ ሕልም እንቅልፍም ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ በቶሎ የገባ እንደ ሆነ ሐኪሙ ይፈርዳል። የአንጎሉን ሥራ መሣሪያው ይመዘግባልና ይህን አስመስሎ ማታለል እንዲህ ቀላል አይደለም።

ደግሞም በቀን የሚያንቀላፋ ሁሉ ናርኮሌፕሲ አለበት ማለታችን አይደለም። በሌሊት በቂ እንቅልፍ ያላገኘ፥ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥበት፥ ደም ያነሰው፥ ልቡ በኀዘን የተሰበረ፥ የሚያስተኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉ ያንቀላፋል። ከነዚህም አብዛኞቹ በአገራችን ሐኪም ቤቶች ሊታወቁና ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። እንግዲህ አንድ ሠራተኛ በየቀኑ ሲያንቀላፋ የታየ እንደ ሆነ፥ ከቅጣት ደብዳቤ በፊት ወደ ሐኪም የሚልከው ደብዳቤ ሊቀድም ይገባል። ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ቅጣቱ አያመልጠውም፤ ታሞ ከተገኘ ግን አለቃው ከግፍ ድኗል።

ታሞ ለተገኘውም የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚተኛበት ሰዓትና ጸጥ ያለ ስፍራ ቢሰጠው ከእንቅልፉ ታድሶ ሥራውን ይቀጥላል። ለሻይና ለወሬ በየመሥሪያ ቤቱ ከሚያልፈው ሰዓት ጋራ ብናስተያየው ይህ እጅግ ትንሽ ነው። ነጂ ከሆነ ከመሪው፥ የሌሊት ዘበኛ ከሆነ ከዘቡ፥ ከከፍታ ላይ ወይም በስለታም መሣሪያ የሚሠራ ከሆነም ከዚያው ሥራ ተዛውሮ ሌላ ሥራ ሊሰጠው ይገባል እንጂ፥ ከእንጀራው ሊወጣ አይገባም። ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት ለማስከበር በ2008፥ በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም.፥ የወጣው አዋጅ ቍጥር 568 አሠሪው ለእንደዚህ ያለ ሠራተኛ የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻችለት ደንግጓል፤ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀውን የዓለም መንግሥታት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። ጉዳት ማለት በዓይን የሚታየው ብቻ አለመሆኑን ማስተዋል የሹማምንት ፈንታ ነው።

ካህናት አባቶች ሆይ፥ የናንተ ሥልጣን በዚህ ነገር ከሹማምንት ሥልጣን ይበልጣል፤ ስለ ምን ቢሉ በአገራችን ሕመምተኛው ከሐኪም በፊት የሚደርሰው ወደናንተ ነውና። ዱካክ ሲደጋገምበት፥ የሌለ ሰው ሲታየው፥ እየሳቀ ሲወድቅ ዘመዶቹ ዛር ነው ወይም ቡዳ ነው ብለው ያመጡላችኋል። ጠበሉን አትከልክሉት፥ ጸሎቱንም አታቋርጡ፤ ነገር ግን ወደ ሐኪም ቤትም ሂድ ብላችሁ በቃላችሁ ስደዱት። እናንተ መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋራ ያስማማችሁት እንደ ሆነ ሕመምተኛው ሁለቱን ይዞ ይኖራል፤ ያለያያችሁት እንደ ሆነ ግን በመካከል ይጐዳል። በእግር ብረት ማሰርና ቀን ከሌሊት በግድ ማቆም ለዚህ ሕመም የሚጠቅሙ አይደሉም፤ እንዲያውም እንቅልፍ ያጣው ሰው ሕመሙ ይብስበታል።

በመጽሐፍም ምሳሌ አላችሁ። በሐዋርያት ሥራ በ20ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የአውጤኪስን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስተምር ያ ወጣት በመስኮት ተቀምጦ ሳለ ከባድ እንቅልፍ ጣለው፥ ከሦስተኛውም ደርብ ወደቀ። አውጤኪስ ይህ ሕመም ነበረበት አንልም፤ ሰዓቱ ሌሊት፥ ስብከቱም ረጅም ነበርና። እኛ የምንመለከተው ሐዋርያው ያደረገውን ነው። በቃለ እግዚአብሔር መካከል ለምን ተኛ ብሎ አልገሠጸውም፤ ስብከቱን አቋርጦ ወርዶ አቀፈው፥ የወጣቱም ሕይወት ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቱን እስኪነጋ ቀጠለ። ከትምህርት ይልቅ የወደቀውን ማንሣት ቀደመ። በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት ያላችሁ መምህራንም ከደቀ መዛሙርታችሁ አንዱ ዕለት ዕለት የሚያንቀላፋ ቢሆን፥ አለንጋውን ከማንሣታችሁ በፊት ሌሊት እንዴት እንደሚያድር፥ ሲስቅ ጉልበቱ ይከዳው እንደ ሆነ፥ ዱካክም ይደጋገምበት እንደ ሆነ ጠይቁት። ጥያቄው ዋጋ የለውም፤ መልሱ ግን የአንድን ልጅ ዕድሜ ያድናል።

ለሕመምተኛውም ለራሱ የምንለው አለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ኀፍረት ሕመሙን አይቀንሰውም። ይህን ሕመም ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ የሚያቀልሉት ግን አሉ። ሞዳፊኒልና ሜቲልፌኒዴት የሚባሉት ቀን ለመንቃት ይረዳሉ፤ ሶዲየም ኦክሲቤት የሚባለው ሌሊት ተወስዶ እንቅልፉን ያጠነክራል፥ መውደቁንም ይቀንሳል፤ ለኀዘን ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ መውደቁን ይከለክላሉ። እነዚህ ሁሉ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰዱ ናቸው፤ በየስፍራውም እንደ ልብ አይገኙም። ነገር ግን በአንድ ሰዓት መተኛትና በአንድ ሰዓት መነሣት፥ በቀን አጭር እንቅልፍ መተኛት፥ ከአልኮል መጠጥ መራቅ፥ ለአለቃና ለቤተ ሰብ ሕመሙን መንገር ያለ ገንዘብ የሚገኙ ናቸው። ንቃትን በጫት የሚፈልግ ሰው የሌሊቱን እንቅልፍ አጥፍቶ የነገውን ቀን ያባብሰዋል። ሕመሙ በመድኃኒት መገታቱን ሐኪም ሳያረጋግጥለት መኪና የሚነዳ ሰውም ቀድሞ ያልነበረበትን በደል በራሱ ላይ ያመጣል። ሕመም በደል አይደለም፤ ሕመሙን እያወቁ የሰውን ነፍስ ለአደጋ መስጠት ግን በደል ነው።

በመጨረሻም የጤና ሹማምንት ይህን ነገር እንዲያስቡበት እንለምናለን። የእንቅልፍ መመርመሪያ መሣሪያ በየአውራጃው ይቁም ማለት ዛሬ የማይቻል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በየጤና ጣቢያው ያለው ሠራተኛ የሕመሙን ስምና ምልክት እንዲያውቅ፥ በሳቅ የሚወድቀውን አእምሮው ከሚጠፋው የሚጥል በሽተኛ ለይቶ ወደ ታላቁ ሐኪም ቤት እንዲልክ፥ መድኃኒቶቹም ቢያንስ በትልልቆቹ ሐኪም ቤቶች እንዲገኙ ማድረግ ይቻላል። ዕውቀት ከመሣሪያ ይቀድማልና፥ ስሙን የማያውቁትን በሽታ በመሣሪያ አይፈልጉትም።

ትጋትን እናክብር፥ ስንፍናንም እንንቀፍ፤ ይህ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሳይመረምር የሚፈርድ ዳኛ ራሱ በሥራው ላይ ያንቀላፋ ነው። የተኛውን ሰው ለምን ተኛህ ብለን ከመቅጣታችን በፊት ምን ሆነህ ነው ብለን እንጠይቀው። እግዚአብሔር ለሹማምንቶቻችን የማስተዋልን፥ ለካህናቶቻችን የርኅራኄን፥ ለሕሙማኑም የመጽናናትን መንፈስ ይስጥልን።